ክርስታንጎች፦ የማላካ ክልሶች

በማሌዥያዋ የወደብ ከተማ በማላካ፣ ኡጆንግ ፓሲር በሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ «የፖርቱጋሎች ሰፈር» አለ። ነዋሪዎቹ ራሳቸውን ክርስታንግ ይላሉ፤ ክርስቲያን ማለት ነው። ሕዝቡም ቋንቋውም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው።

ፖርቱጋላዊው አፎንሶ ደ አልቡከርክ ማላካን በጦር የያዘው እ.ኤ.አ. በ1511 ነው። ሹማምንቱ ወንዶቻቸው የአካባቢውን ሴቶች እንዲያገቡ ያበረታቱ ስለነበር ክልስ ትውልድ ተፈጠረ። በ1541 ክርስቶፎሮስ ዳ ጋማን ከ400 ያህል ወታደሮች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የላከው ወንድሙ ኢስቴቫዎም፣ የሕንድ ገዥ ከመሆኑ በፊት የማላካ አዛዥ ነበር። በ1641 ሆላንዶች ፖርቱጋሎችን አስወጡ፤ ከዚያ እንግሊዞች መጡ። ክርስታንጎች ግን ካቶሊክነታቸውንም ዓሣ ማስገራቸውንም ይዘው እዚያው ቀሩ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቋንቋቸው ነው። አብዛኛው ቃል የፖርቱጋል ነው፤ ግሱ ግን እንደ ፖርቱጋልኛው አይረባም። «ዮ ጃ ኩሚ» በላሁ፣ «ዮ ታ ኩሚ» እየበላሁ ነው፣ «ዮ ሎጉ ኩሚ» እበላለሁ፤ «ኩሚ» ንቅንቅ አይልም። ማብዛት ሲፈልጉ ደግሞ እንደ ማላዮቹ ቃሉን ይደግሙታል፦ «ካዛ» ቤት፣ «ካዛ ካዛ» ቤቶች። «ትልልቅ»፣ «ረጃጅም» ለምንል ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ዩኔስኮ ቋንቋውን ለከፋ የመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት መድቦታል። ሲንጋፖር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ወጣቶች ለአዋቂዎች ትምህርት ከፍተውለታል።

ወጥ ቤታቸው ከገባን «ካሪ ዴባል» አለ፤ «የሰይጣን ወጥ» የሚሉትም አሉ። እውነትም ያቃጥላል። የተዘፈዘፈ ደረቅ በርበሬ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከእርድ ጋር ይደቆስና ዘይቱ እስኪለይ ድረስ ይቁላላል። ዶሮው ይገባል፣ የሰናፍጭ ፍሬም አለው፤ ኮምጣጤው ሲጨመር ሽታው ቤቱን ያውዳል። በልማዱ የሚሠራው በገና ማግስት ነው፤ ከበዓሉ የተረፈ ሥጋ ሁሉ እዚያ ድስት ውስጥ ይገባል።

የዐቢይ ጾም ቅበላ «ኢንትሩዱ» ይባልና ጎረቤት ከጎረቤት ውኃ ይረጫጫል፤ ደርቆ ወደ ቤቱ የሚገባ የለም። ትልቁ በዓል ግን የዓሣ አጥማጆቹ ጠባቂ የቅዱስ ጴጥሮስ ነው፤ ሰኔ 22 ቀን ጀልባዎቹ ያጌጡና ቄሱ ይባርኳቸዋል። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በካቶሊክ ካህናት ጥረት የተቆረቆረው እነዚሁ ድሆች አጥማጆች ባሕር ዳር እንዲሰባሰቡ ተብሎ ነበር። አሁን ከፊት ለፊታቸው ያለው ባሕር ለግንባታ በአፈር ተሞልቷል።