ድልድይን ከእግሩ መመርመር

ከደብረ ታቦር በስተደቡብ፣ ደቡብ ጎንደርን ከጎጃሙ ሞጣ የሚለየውን ዐባይን የሚሻገር አሮጌ የድንጋይ ድልድይ አለ። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ በፈረንጆች 1660 ገደማ ተሠራ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ግን አንዱ ቅስቱ ፈረሰና ሰባራ ድልድይ የሚለው ስም ወጣለት። ከዚያ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት ሰው በገመድ እየተጎተተ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። በፈረንጆች 2002 ክፍተቱ በብረት ተያያዘ፤ በ2005 ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው። በ2009 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለው ድርጅት ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ሠራ።

ልብ በሉ፤ የፋሲለደስ ግንበኞች ቅስት ደክሞ አልወደቀም፤ ሰው ነው ያፈረሰው።

ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን ይበጠሳል። በቅስት ውስጥ እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን ይገፋል፤ ግፊቱም ግራና ቀኝ ወርዶ መሠረቱ ላይ ያርፋል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1675 እንደጻፈው፣ የተንጠለጠለ ሰንሰለት የሚሠራው ቅርጽ ሲገለበጥ የግፊቱን መንገድ ያሳያል። ይህ መስመር ከቅስቱ ውፍረት ካልወጣ ድልድዩ ይቆማል። ስለዚህ ስንጥቅ ሁሉ አያስደነግጥም፤ ቅስት ሦስት ቦታ እንደ ማጠፊያ ተከፍቶም ይቆማል፤ አራተኛው ሲከፈት ነው የሚናደው።

ዋናው አደጋ ከታች ነው። ከጉና ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና እንደሚወርዱት እንደ ርብና ጉማራ ያለ፣ በክረምት የሚሞላ ወንዝ የምሰሶውን እግር ይቦረቡራል። መሠረቱ ጥቂት እንኳ ከሰመጠ የግፊቱ መስመር ቦታውን ይለቃል። በበጋ፣ ውኃው ሲጎድል፣ መሐንዲስ መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን መሠረት ነው። ከዚያ የቅስቱን ስፋት፣ ከፍታና ውፍረት ይለካል፤ ድንጋዩን በመዶሻ እያንኳኳ ባዶ ድምፅ ያዳምጣል፤ ስንጥቁ እየሰፋ መሆኑን ለማወቅ ቀን የተጻፈበት ጄሶ ይለጥፍበታል። ውስጡን ደግሞ ራዳር ያያል።

ሌላው ጥፋት በጎ ፈቃድ የሚያመጣው ነው። ጢስ ዐባይ አጠገብ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከተሠራው የአላታ ድልድይ ጀምሮ የግንበኞቹ ማያያዣ ኖራ ነበር። (እንቁላል ተቀላቅሎበታል የሚሉ አሉ፤ እኔ የማምነው ኖራውን ነው።) ኖራ ለስላሳ ስለሆነ ከድንጋዩ ጋር ይነቃነቃል፣ እርጥበትም ያስወጣል። በላዩ የተመረገ ሲሚንቶ ግን ውኃውን ውስጥ ያስቀርና ድንጋዩን ይልጠዋል። በድልድዩ ላይ የበቀለው ዛፍ ከነሥሩ ይነቀል ማለትም አያዋጣም፤ ድንጋዩን ይዞ ይወጣል። ግንዱን ቆርጦ ሥሩን ማድረቅ ይሻላል።

የጥገና በጀት የያዘ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን ብር ለቅስቱ ሳይሆን ለመሠረቱ ያውጣ።