ማን ከማን ወሰደ? የአራቱ ወንጌላት ዝምድናና የግዕዝ ብራናዎች ምስክርነት

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ እሑድ እሑድ ያው ወንጌል በሦስት ቋንቋ ይነበባል። በቅዳሴው ዲያቆኑ ምስባኩን ይሰብክና ካህኑ ወንጌሉን ያነባል፤ እንደ ደብሩ በግዕዝ፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ። በየጸሎት ቤቱም ሰባኪው ወይ አማርኛውን ወይ ኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ይገልጣል። ኦሮምኛው ራሱ የቆየ ነው፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ የተረጎመውና አስቴር ጋኖ ያገዘችው ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ደግሞ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታትሟል።

ክርክሩ የሚመጣው ከአምልኮው በኋላ ነው፤ ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ስልክ ላይ። አንዱ ወንጌል አራት የሆነው ለምንድን ነው ይላል። ሌላው የማርቆስ መጨረሻ ኋላ የተጨመረ ነው ሲል የሰማውን ያነሳል። ሦስተኛው “የኢትዮጵያ ጥንታዊ ብራና ውስጥ የለም” ብሎ ይደመድማል። ብራናውን ግን አንዳቸውም አላዩትም። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ተደባልቀዋል፤ ወንጌላውያኑ እርስ በርስ ምን ተወራረሱ የሚለው አንድ ነው፣ የጻፉት ከቅጂ ወደ ቅጂ ሲተላለፍ ምን ደረሰበት የሚለው ሌላ ነው። ግዕዙ በአንደኛው ላይ ብዙ አይናገርም፤ በሁለተኛው ላይ ግን ከዋነኞቹ ምስክሮች አንዱ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ማቴዎስ፣ ማርቆስና ሉቃስ ብዙውን ታሪክ የሚናገሩት በአንድ ቅደም ተከተል ሲሆን አንዳንዴ ቃላቸው ሳይቀር አንድ ነው። ማርቆስ ካሉት 661 ቁጥሮች 600 የሚያህሉት ይዘታቸው በማቴዎስ አለ። ዮሐንስ በአብዛኛው የራሱን መንገድ ይሄዳል። የሦስቱን መመሳሰል የአፍ ትውፊት ብቻውን ሊያብራራው አይችልም የሚሉ ሊቃውንት አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ፊቱ ዘርግቶ ነበር ይላሉ። ማን የማንን? ጠቡ እዚህ ላይ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ማቴዎስን ያስቀድማል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢያራጶሊስ ጳጳስ የነበረው ፓፒያስ ማቴዎስ በዕብራውያን ቋንቋ እንደጻፈ፣ ማርቆስም የጴጥሮስ አስተርጓሚ ሆኖ የሰማውን እንዳሰፈረ ተናግሯል፤ የእኛም ጉባኤ ቤት መምህራን ማቴዎስ በዕብራይስጥ ጻፈ ብለው ያስተምራሉ። አውግስጢኖስ ማርቆስ የማቴዎስ አሳጣሪ ነው አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ግሪስባህ ሦስቱን ጎን ለጎን አትሞ ማወዳደሩን ሥራዬ ብሎ ያዘው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሚዛኑ ወደ ማርቆስ አጋደለ።

ምክንያቱን አንባቢ በራሱ መጽሐፍ ቅዱስ ሊያየው ይችላል። ሌጌዎን የተባለውን ጋኔን የማውጣቱ ታሪክ ማርቆስ 5 ላይ 20 ቁጥር ይወስዳል፤ ማቴዎስ 8 ላይ 7 ብቻ ነው። አሳጣሪ የተባለው ሰው ታሪኩን ባለጉዳዩ ከጻፈው ሦስት እጥፍ ገደማ አረዘመው ማለት ነው፤ ይሄ ለአውግስጢኖስ ሐሳብ አይመችም። ደግሞ ማርቆስ 6፥5 ኢየሱስ በገዛ አገሩ ከጥቂት ድውያን በቀር ተአምር ሊያደርግ እንዳልቻለ ሲጽፍ፣ ማቴዎስ 13፥58 ብዙ ተአምር አላደረገም ይላል። ሻካራውን አገላለጽ የሚያለሰልስ ጸሐፊ ይታሰባል፤ ለስላሳውን ሆን ብሎ የሚያሻክር ግን እንዴት ይታሰባል? ዛሬ አብዛኞቹ አጥኚዎች ማርቆስ ቀደመ የሚሉት በዚህ ዓይነት ማስረጃ ነው።

ማርቆስ ውስጥ የሌለው፣ ማቴዎስና ሉቃስ ግን የሚጋሩት ነገር ቀረ። መጥምቁ ዮሐንስ ሊጠመቁ የመጡትን የገሠጸበት ቃል ማቴዎስ 3 እና ሉቃስ 3 ላይ ቃል በቃል ሊባል ምንም አይቀረው። ለዚህ ዓይነቱ ክፍል ጀርመኖቹ አንድ የጠፋ የጋራ ምንጭ አሰቡለትና “ኪው” አሉት። እንግሊዛዊው ስትሪተር እ.ኤ.አ. በ1924 ሐሳቡን አጸናው፤ ኦስቲን ፋረር በ1955 ሉቃስ ማቴዎስን አንብቦት ነበር ካልን የጠፋ መጽሐፍ መፍጠር ለምን አስፈለገ ሲል ተቃወመ። የ“ኪው” አንድ ገጽ እንኳ ተገኝቶ አያውቅም። ለእኔ የፋረር ወገን ጥያቄ የሚደፈር አይመስለኝም፤ ሉቃስ የማቴዎስን የተራራ ስብከት ለምን በታተነው ለሚለው ግን እነሱም ልብ የሚያደርስ መልስ የላቸውም።

ይሄ ሁሉ የሩቅ አገር ሰዎች ጨዋታ ለሚመስለው አንባቢ፣ መሣሪያው ዓድዋ አጠገብ እንዳለ ልንገረው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የቂሳርያው አውሳብዮስ አራቱን ወንጌላት በቁጥር ከፋፈለ፤ ማቴዎስን 355፣ ሉቃስን 342፣ ዮሐንስን 232 ቦታ። ከዚያ በአሥር ሠንጠረዥ አሰለፋቸው። በመጀመሪያው አራቱም የሚናገሩት አለ፤ ለምሳሌ አምስት ሺህ ሰዎች የተመገቡበት። በመጨረሻው እያንዳንዱ ለብቻው ያለው ተዘርዝሯል። አምስተኛው ማቴዎስና ሉቃስ ብቻ የሚጋሩትን ይይዛል፤ የመጥምቁ ተግሣጽ እዚያ ነው። ከ1,500 ዓመት በኋላ “ኪው” ለተባለው የሚታጨውን ክፍል አውሳብዮስ ሳያስበው ሰብስቦት ነበር ማለት ነው።

ዓድዋ አጠገብ ባለው የአባ ገሪማ ገዳም የሚገኘው ወንጌል የሚከፈተው በዚህ ሠንጠረዥ ነው። ቀለማቸው ባልደበዘዘ ዓምዶች ላይ ቅስት ተስሏል፤ ከቅስቱ በላይ ወፎች አሉ፤ በዓምዶቹ መካከል የግዕዝ ቁጥሮች ቁልቁል ተደርድረዋል። አንድ መስመር ወደ ጎን ሲነበብ ያ ታሪክ በየወንጌሉ ስንተኛው ክፍል እንደሆነ ይገኛል። ጌጡን አይቶ ለሚያልፍ ሰው ሥዕል ነው፤ ለቁም ጸሐፊውና ለመምህሩ ግን ማመሳከሪያ ነበር። የገዳሙ ትውፊት ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ አባ ገሪማ በአንድ ቀን ጻፉት፣ ፀሐይም ቆመችላቸው ይላል። ፈረንጆቹ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ መጽሐፉን ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተጻፈ ያደርጉት ነበር። አጥኚው ዣክ መርሲየ የብራናውን ቁርጥራጭ ኦክስፎርድ ወስዶ በካርቦን ሲያስመረምር ዕድሜው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቀ። በዚህ ነገር ከፈረንጆቹ ሊቃውንት ይልቅ መነኮሳቱ ወደ እውነቱ ቀርበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ጁዲት ማኬንዚ ከፍራንሲስ ዋትሰን ጋር በብራናው ላይ መጽሐፍ አወጡ፤ ይሄ ዋትሰን “ኪው” አልነበረም ብለው ከሚሟገቱት አንዱ ነው።

ግዕዙ የተተረጎመው ከግሪኩ መሆኑን ሆላንዳዊው ሮኹስ ዙርሞንድ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው የማርቆስ ወንጌል ጥናት አሳይቷል፤ ከጊዜ በኋላ ግን ቅጂዎቹ ከዓረብኛው ጋር እየተነጻጸሩ ታርመዋል። ስለዚህ “ግዕዙ እንዲህ ይላል” ማለት ብቻውን አይበቃም፤ በአክሱም ዘመን ከግሪኩ የተተረጎመው ንባብ ወይስ በኋላ የታረመው?

አሁን ወደ ማርቆስ 16። ሲናዊውና የቫቲካኑ የተባሉት የ4ኛው ክፍለ ዘመን የግሪክ ቅጂዎች ቁጥር 8 ላይ፣ ሴቶቹ ፈርተው ዝም ባሉበት ያበቃሉ። አብዛኞቹ ቅጂዎች ደግሞ እስከ 20 ይቀጥላሉ። በየከተማው በጥምቀት፣ በልሳንና በፈውስ ላይ የሚጠቀሱት 16፣ 17 እና 18 ያሉት በዚህ ቅጥያ ውስጥ ስለሆነ ነገሩ የሊቃውንት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለንደን ያሉ ሦስት የግዕዝ ብራናዎች ቁጥር 8 ላይ ያቆማሉ ተብሎ ተጻፈ። ይህ ወሬ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ሰማንያ ዓመት ያህል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካዊው ብሩስ ሜትዝገር 65 የግዕዝ ቅጂዎችን መርምሮ ውጤቱን አወጣ፤ ቁጥር 8 ላይ የሚያበቃ አንድም የለም፤ እነዚያ የለንደኖቹም ጭምር። ያገኘው ሌላ ነው፦ ብዙዎቹ ከቁጥር 8 በኋላ አንድ አጭር መደምደሚያ አስገብተው ከዚያ ረጅሙን ያስከትላሉ። አጭሩ በዛሬው አማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ጽሑፍ ውስጥ የለም። ሁለት መደምደሚያ አጠገብ ለአጠገብ መኖሩ ደግሞ ማርቆስ እንዴት እንዳበቃ ጥንትም ጥያቄ እንደነበረ ይመሰክራል። እናም “የኢትዮጵያ ብራና ላይ የለም” የሚለውም፣ “የኢትዮጵያ ብራና ምንም ልዩነት የለበትም” የሚለውም ተሳስተዋል።

እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከየገዳሙና ከየደብሩ ከ8,000 በላይ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው አዲስ አበባና ሚኒሶታ ተቀምጠዋል፤ ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የፈጁት እነሱን በመዘርዘር ነው። ከመካከላቸው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ የተሰጠው የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ይገኛል። ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ይታያሉ። ሱሉልታም ሰበታም ግዕዝ የሚያነብ የአብነት ተማሪ አይጠፋም፤ ከመከራከር በፊት እሱን አስቀምጦ ማርቆስ 16ን ማስነበብ ይቻላል። የግዕዝ ብራናን ስም የሚጠራ ተከራካሪ ሲያጋጥማችሁም የትኛው ብራና እንደሆነና የት እንደሚገኝ ጠይቁት።