ስሙ ከዝርዝር የጠፋ መርዝ

ባለፈው ክረምት ጥርሴን አስነቅዬ እዚሁ ሐዋሳ አንድ መድኃኒት ቤት ጎራ አልኩ፡፡ ትራማዶል ነበር የተሰጠኝ፡፡ ማዘዣ የጠየቀኝ የለም፤ የተጠየቅኩት “ስንት ልስጥዎት?” የሚል ብቻ ነው፡፡

ትራማዶል ከሞርፊን ቤተሰብ የሚመደብ፣ ግን በላቦራቶሪ የተሠራ ማስታገሻ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ ስምምነት ሰንጠረዥ ውስጥ የለም፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ደጋግመው መርምረውት፣ ጥብቅ ቁጥጥር ቢደረግበት የድሃ አገር ሕሙማን ያለ ማስታገሻ ይቀራሉ የሚል ሥጋት ነበራቸው፡፡ ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፡፡

የከፋው ግን ሌላ ነው፡፡ ናይታዚን የሚባሉት ውህዶች በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአንድ የስዊዘርላንድ ኩባንያ ተፈልስፈው፣ ከአደገኛነታቸው የተነሳ መድኃኒት ሳይሆኑ የቀሩ ናቸው፡፡ አንዳንዶቹ ከሄሮይን እጅግ ይበረታሉ፡፡ ሴራሊዮን በ2024 ብሔራዊ አደጋ ባወጀችበት “ኩሽ” ውስጥም ተገኝተዋል፡፡

ሕጋችን እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው፡፡ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትንና ማዘዋወርን ይቀጣል፡፡ የትኛው ንጥረ ነገር አደንዛዥ ነው የሚለው ግን የሚታወቀው ከስምምነቱ ሰንጠረዥና ተቆጣጣሪው አካል ከሚሰይመው ዝርዝር ነው፡፡ ኬሚስቱ ከውህዱ ጥቂት አተም ቢቀይር፣ ስሙ ከዝርዝሩ የሌለ አዲስ መርዝ ይወለዳል፡፡ ያንን ይዞ የተያዘ ሰው ችሎት ቢቀርብስ? “ያው ይመሳሰላል” ብሎ መቅጣት አይቻልም፤ አንቀጽ 2 ፍርድ ቤት በማመሳሰል ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክላልና፡፡ ይህ አንቀጽ እንዲላላ የሚመኝ ሰው ካለ፣ ነገ በራሱ ላይ ሲመሳሰልበት ያገኘዋል፡፡

ቻይና በ2019 የፈንታኒል ዓይነቶችን፣ በ2025 ደግሞ ናይታዚኖችን በነጠላ ስም ሳይሆን በቤተሰብ አገደች፡፡ ለእኛም የሚበጀው ይኸው ይመስለኛል፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል ያለ ፈንታኒል መሥራት ለማይችሉ ሐኪሞች በሩ ክፍት ሆኖ፡፡ መመሪያው በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት ተመዝግቦ ለሕዝብ ይፋ መሆን ይኖርበታል፡፡ መሳቢያ ውስጥ ባለ መመሪያ ሰው አይታሰርም፡፡

ለእኔ ትራማዶል ግን አዲስ ሕግ አያሻም፡፡ በማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ነው፤ መደብሮቹን ዞሮ ማየትም የክልሉና የከተማው ተቆጣጣሪ ሥራ እንጂ የአዲስ አበባ አይደለም፡፡