ክራርና መሰንቆ ለመሥራት የትኛውን እንጨት እንምረጥ?



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ የዜማ መሣሪያ የሚሠራ ሰው እንጨት ሲመርጥ ምን ምን ማየት ይገባዋል? ጥያቄው ወልድያ ላይ ቢነሣ ተገቢ ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ። ስለ ቅኝቶቹ ብዙ እንነጋገራለን፤ ቅኝቶቹን ስለሚሸከመው እንጨት ግን እምብዛም አንነጋገርም።

ከጊታር ልጀምር፤ የእንጨትና የድምፅ ግንኙነት በሰፊው ከተመረመረባቸው መሣሪያዎች አንዱ ነውና። ክር ብቻውን ሲመታ የሚያንቀሳቅሰው አየር እጅግ ጥቂት ነው። ድምፁን የሚያጎላው የጊታሩ የፊት ገበታ ነው። የዚህ ገበታ ውፍረት ቢበዛ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆንም የብረት ክሮቹን ጉተታ፣ በድምሩ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የሚሆነውን፣ መቋቋም አለበት። ስለዚህ እንጨቱ ቀላልም ጠንካራም እንዲሆን ይፈለጋል። ስፕሩስ የተባለው የቀዝቃዛ አገር ዛፍ የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ስፕሩስ ከ400 እስከ 450 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ድምፅም በቃጫው አቅጣጫ በሰከንድ ከ5,000 ሜትር በላይ ይጓዝበታል። በአየር ውስጥ የሚጓዘው ግን 340 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

የጀርባውና የጎኑ እንጨትስ? ስመ ጥሩው ስፔናዊ ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ በ1862 እ.ኤ.አ. ፊቱ ከስፕሩስ፣ ጀርባውና ጎኑ ግን ከወረቀት ጥፍጥፍ የሆነ ጊታር ሠርቶ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው የጥናታቸውን ውጤት አሳተሙ። በጀርባና በጎን እንጨታቸው ብቻ የሚለያዩ 6 ጊታሮች አሠርተው፣ 52 ተጫዋቾች መሣሪያውን ማየት በማይችሉበት ሁኔታ እንዲመዝኗቸው አደረጉ። ተጫዋቾቹ ለጊታሮቹ የሰጡት ግምት ተቀራራቢ ነበር፤ አንዱን ከሌላው መለየትም ተቸገሩ። ይሁንና ለጀርባ ተመራጭ ሆኖ የቆየው ሮዝውድ በብዙ አገር ተመናምኖ፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዛፉ ወገን በሙሉ በዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ሥር ገብቷል።

ይህን ይዘን ወደ ክራርና ወደ መሰንቆ እንምጣ። የእነዚህ መሣሪያዎች ፊት የቆዳ ነው። የክሩ ወይም የጭራው ንዝረት በብርኩማው አልፎ ወደ ቆዳው ይገባል፤ በጊታር ላይ ስፕሩሱ የሚሠራውን ሥራ እዚህ ቆዳው ይሠራዋል። የእንጨቱ ዋና ድርሻ ቆዳውንና ክሩን ሳይንቀሳቀስ ወጥሮ መያዝ ነው። ስለዚህ መራጩ «የትኛው ዛፍ ያዜማል?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ «ይህ ክፍል የሚሸከመው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

መጀመሪያ ገበቴውን እንይ። ዋንዛ ለዚህ የተመሰገነው ያለ ምክንያት አይደለም። ክብደቱ የውኃን ግማሽ ያህል ነው፤ ለመፈልፈል ይመቻል፤ በደንብ ከደረቀ በኋላ ቅርጹን ይጠብቃል። የማዕድ ቤቱን ገበቴና የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮ ከዋንዛ የሚያስፈለፍለን ይኸው ጠባዩ ነው። ሆኖም ከብረት ሳህን የተሠሩ ክራሮች በየቦታው ይሰማሉ፤ ድምፃቸው ቢለይም ክራርነታቸውን አላጡም።

ሁለተኛው የክራሩ ምሰሶና ቀንበር፣ የመሰንቆውም አንገት ነው። እዚህ ላይ ከዛፉ ስም ይልቅ የቃጫው ቀናነት ይቀድማል። ምሰሶው ጥቂት ከጎበጠ ክሩ ይላላል፤ ቅኝቱም ይወርዳል። በርካሽ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ብዙውን ጊዜ ቃጫው የተጠማዘዘ ነው፤ ሲደርቅም በብርቱ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ቃጫውን ለመፈተን ቁራጩን በመጋዝ ከመቁረጥ ይልቅ በመጥረቢያ መፍለጥ ይበጃል፤ ፍልጡ ቀጥ ብሎ ከወረደ እንጨቱ ለምሶሶ ይሆናል።

ሦስተኛው መወጠሪያውና ብርኩማው ነው። እነዚህ ትናንሽ ናቸው፤ ግን ይፋተጋሉ፣ ይጫናሉ። ክብደቱ ወደ ውኃ የሚጠጋው ወይራ ይስማማቸዋል፤ ለዚህም ከሌላ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ይበቃል።

ከዛፉ ዓይነት ሁሉ የሚበልጠው ግን ድርቀቱ ነው። እርጥብ እንጨት የውኃ መጠኑ ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ መኮማተር ይጀምራል። መኮማተሩም እኩል አይደለም፤ የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ የሚኮማተረው ከመሐል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ቆዳው ደግሞ እርጥብ ሳለ ይወጠርና ሲደርቅ ይጎትታል። ገበቴው ሳይደርቅ ቆዳ ከለበሰ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይኮማተራሉ፤ ገበቴው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር፣ ከርሷ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው መርሳ ደግሞ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በክረምት ደጋ ላይ የተሠራ መሣሪያ በበጋ ወደ ቆላ ሲወርድ የአየሩን ለውጥ መቻል አለበት።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ጣውላው ከጥላ ሥር፣ አየር በሚያሳልፉ ርብራቦች ላይ ይደርደር፤ ውኃ ፈጥኖ የሚወጣበት ጫፉ በሰም ወይም በቀለም ይለበጥ። በልማድ ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይታሰባል። በየሳምንቱ ሲመዘን ክብደቱ መቀነሱን ካቆመ ደርቋል።

አሁን ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልናገር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነበር፤ ሌሎቹ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ነበሩ። አንድ ወጣት ሠሪ «ያለ ዋንዛ ክራር የለም» ብሎ ካመነ ወይ ያልተፈቀደለትን ዛፍ ይቆርጣል፣ ወይ ሙያውን ይተዋል፣ ወይም ያልደረቀ ጣውላ ገዝቶ በዓመቱ የሚሰነጠቅ መሣሪያ ይሸጣል። በሦስቱም መንገድ የሚጎዳው የአገሩ ሙያ ነው። ከፈረሰ ቤት የወጣ ምሰሶ፣ ያረጀ በር፣ የተሰበረ ሙቀጫ፣ ገበሬው ከማሳው ዋንዛ የመለመለው ቅርንጫፍ ግን አለ። አሮጌው እንጨት ለዓመታት የደረቀ ነው፤ ቅርንጫፉም በትዕግሥት ይደርቃል።

ለተማሪዎቻችን አንድ ሥራ አቀርባለሁ። ቆዳቸው፣ ክራቸውና መጠናቸው አንድ ሆኖ ገበቴያቸው ብቻ የሚለያይ ክራሮች ይሠሩ፤ በአካባቢው የታወቁ ተጫዋቾች ዓይናቸውን ተሸፍነው ይመዝኗቸው። ስለ ዛፎቹ በሀብሩ ያለውን የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ማማከር ይቻላል። ውጤቱ ዋንዛን የሚያስበልጥ ከሆነ ዋንዛ የምንተክልበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ይኖረናል፤ ካልሆነም ሠሪው በእጁ ባለው እንጨት ያለ ስጋት ይሠራል።