ያውቁ ኖሯል? አደይ አበባና ዘመዶቿ

የአዲስ ዓመት ዋዜማ በአዲስ አበባው ዘነበወርቅ መንገድ ዳር ከቄጠማ ጋር የምትሸጠው አደይ፣ አንዷ ዘለላ ብቻዋን የብዙ አበቦች ስብስብ መሆኗን ያውቁ ኖሯል? መሃሏ ላይ የታጨቁት ቅንጣቶች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ጥቃቅን አበቦች ናቸው፤ ዘር የሚይዙትም እነሱ ናቸው። ዓይን የሚስበው የዙሪያዋ ቢጫ ግን ዘር አይሰጥም። ሥራው ንብ መጥራት ነው።

አደይ በክረምቱ ዝናብ በቅላ፣ ዝናቡ ሊያባራ ሲል ፈክታ፣ ዘሯን ጥላ ትደርቃለች። ለከርሞ ከሥሯ አታቆጠቁጥም፤ የምትነሳው ከወደቀው ዘር ነው። ለእንቁጣጣሽ ተቀጥፋ፣ የተረፈችው ለደመራ ተቀጥፋ ያለቀችበት መስክ ታዲያ ምን ይወርሳል? ወንዶቹ ልጆች በወረቀት ስለው የሚያበረክቷት አበባ፣ ለአደይ ሲባል፣ ከተቀጠፈችው ትሻላለች ባይ ነኝ።

አደይ የምትሸጥበት ዘነበወርቅ ስሙን ያገኘው በወጣትነታቸው ካረፉት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው። በስማቸው የተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሲተከል ቦታው ከከተማው ዳር ነበር። ዛሬ አካባቢውን ቤትና መንገድ ሞልቶታል። ኮብልስቶን ላይ የወደቀ የአደይ ዘር ደግሞ የትም አይደርስም።

ባይደንስ ማክሮፕቴራ የሚለውን የአደይ ሳይንሳዊ ስም ያጸደቁት ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የሚገኙ የቅርብ ዘመዶቿን የመረመረ ሥራቸው በስዊድን ታተመ። ሃያ ዓመት ቆይተው፣ በ2004፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መድበል ውስጥ ስለ መላው ቤተሰቧ የሚናገረውን ቅጽ አወጡ።

ከዘመዶቿ መካከል ልብስ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ የሚለው ጨጎጎት አለ። የጠላ ጋን የሚታጠብበት ግራዋ አለ። አሪቲም፣ ሰላጣም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ቀበሪቾ ግን ለየት ይላል። ከኢትዮጵያ በቀር በተፈጥሮ የትም አይበቅልም፤ እንደ አደይ በዓመቱ አይሞትም፣ ወፍራም ሥሩን ይዞ ከዓመት ዓመት ይኖራል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፦ ቤት የሚታጠንበት ሥሩ ስለሆነ የሚፈለገው ተቆፍሮ ይወጣል፣ ተክሉም አበቃለት። ሳይንሳዊ ስሙን የሰጡት እኒያው መስፍን ታደሰ ናቸው።

ንቦች ከአደይና ከኑግ የሚሰበስቡት ማር በብዙ የደጋ አካባቢ የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ኑግም የአደይ ዘመድ ነው፤ አብሮት የሚወቀጠው ሰሊጥ ግን አይደለም። ሰው ኑግን ማልማት የጀመረው በኢትዮጵያ ደጋ ሲሆን ሕንድም ከድሮ ጀምራ ታመርተዋለች። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ለዱር ወፎች ቀለብ ነው። አብሮት የአረም ዘር እንዳይገባ፣ ከውጭ የሚመጣው ኑግ በሙቀት ይታከማል፤ ስለዚህ ከወፍ አፍ የወደቀው እንኳ ብዙውን ጊዜ አይበቅልም።