ከቅርጫ ድርሻ እስከ ቋንጣ ፍርፍር

ከመስቀል፣ ከልደትና ከትንሣኤ በዓል በኋላ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ በብዙ ቤት ማጀት ውስጥ አንድ ዓይነት አሳብ ይነሣል፤ ይኸውም የተረፈው ሥጋ ምን ይደረግ የሚለው ነው። ጥሬው ተቈርጧል፤ ጥብሱ ተጠብሷል፤ ወጡም ለመጣው እንግዳ ሁሉ ቀርቧል። ከድርሻው የቀረው ግን መልኩ እየጠቈረ ሽታውም እየተለወጠ በትሪ ላይ ይታያል። በመስቀልና በልደት ሰሞን ረቡዕ ወይም ዓርብ በመካከል የገባ እንደ ሆነ ጭንቀቱ ይበልጣል፤ ቤተ ሰቡ በዚያ ቀን ሥጋ አይቀምስም፤ ሥጋውም እስከ ማግሥቱ ሊጠብቅ አይችልም። ከዚህም የተነሣ ባለቤቲቱ በችኰላ የቀረውን ዘልዝላ ገመድ ላይ ትሰቅለዋለች፤ በአምስተኛው ቀን ሻግቶ ወይም ትል አፍርቶ ስታገኘው ግን «የዘንድሮ ቋንጣ አልያዘልኝም» ትላለች።

እኛ እንደሚመስለን ጥፋቱ የገመዱም የአየሩም አይደለም። ቋንጣ ከተረፈ ሥጋ አይሠራም፤ ቋንጣ የሚሠራው በመጀመሪያው ቀን ከተለየ ሥጋ ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን በበዓል ቀን ጎረቤት ከጎረቤት ተባብሮ፣ ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ያርዳል። ሥጋው በመደብ በመደብ ተከፍሎ በዕጣ ለየባለ ድርሻው ይሰጣል። አንዱ ድርሻ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከጐድኑም፣ ከታፋውም ያለበት ነውና ለአንድ ቤት የሚሆን ሙሉ ግብር ነው ለማለት ይቻላል። ለዚህ የሚወጣውም ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ በብዙ ቤት ለወራት ሲጠራቀም የቈየ ነው። ሥጋው ወደ ቤት እንደ ገባ ጮማና ጅማት የሌለበትን ቀይ ሥጋ፣ በተለይም ከታፋው፣ ለይቶ ማስቀመጥ የብልኅ እመቤት ሥራ ነው። ይህ ሲነገር ቀላል ነው፤ ሲሠራ ግን ከባድ ነው። እንግዳ በበር ቆሟል፤ ልጆች ቢላዋ ይሻማሉ፤ አባወራውም «ይህኛው መልካም ብልት ነው፣ አምጪው» ይላል። ባልና ሚስት ከዋዜማው ተመካክረው «ይህን ያህል ለቋንጣ ይለያል» ካልተባባሉ፣ በዕለቱ ብቻዋን እምቢ ማለት ለባለቤቲቱ ያስቸግራታል፤ ንፉግም ያሰኛታል። ስለዚህ ምክሩ ከሁለቱ ወገን እንዲሆን እንወዳለን።

ይህን አሳብ በተለይ ከጌዶ ጋር ያያያዝነው ስለ አየሩ ነው። ከአምቦ ተነሥቶ ጉደርን አልፎ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ጌዶ ደጋ ናት። ጉሙና ቅዝቃዜው ብዙ ነው፤ ከሰኔ ጀምሮ የሚወርደውም ዝናብ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ከጌዶ ወደ ምዕራብ ወርደው ባኮን የሚያዩ ሰዎች ልዩነቱን ወዲያው ያስተውሉታል፤ ባኮ ሞቃት ስለ ሆነች ሥጋ በዚያ በቶሎ ይደርቃል። የጌዶ እመቤት ግን ወራቱን መቍጠር አለባት። ከልደት በኋላ ያለው ጥር ፀሐዩና ነፋሱ ደረቅ ስለ ሆነ ከሁሉ ይመረጣል። የመስቀል ሥጋ መስከረም 17 ቀን ዝናቡ ገና ሳይጠፋ ስለሚመጣ ጥንቃቄ ይሻል። ትንሣኤ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላልና አንዳንድ ዓመት የበልግ ዝናብ ያገኘዋል።

የጾሙም ሥርዓት ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ የትንሣኤ ቋንጣ ያለ ከልካይ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጾመ ሐዋርያት ይገባና እስከ ሐምሌ 5 ቀን ይቈያል። ነሐሴ 1 ቀን ደግሞ ፍልሰታ ይጀምራል። በመካከል ያለችው ጥቂት ሳምንት የክረምት ልብ ናት፤ ገበያ መውጣትም ያስቸግራል። በሚያዝያ በሚገባ የደረቀ ቋንጣ በዚያች ሳምንት ከዕቃው ሲወጣ የሚሰጠውን ደስታ የቀመሰው ያውቀዋል።

አሠራሩ ይህ ነው። ሥጋው በታረደበት ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ ጧት፣ በስለታም ቢላዋ ረዥም ሆኖ ይዘልዘል፤ ውፍረቱ ከትንሿ ጣት አይብለጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ወፍራሙ ዝልዝል ከውጭ ይደርቅና ከውስጥ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ መበስበስም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ለ1 ኪሎ ሥጋ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ጥቂትም የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ ተደባልቆ በእጅ እየታሸ በደንብ ይቀባ። ከዚያም ዝልዝሉ አንዱ ሌላውን ሳይነካ በንጹሕ ገመድ ላይ ይሰቀል። ቀይ ሥጋ ከመቶው ከ70 እጅ በላይ ውኃ ነው፤ ጨው ይህን ውኃ እየሳበ ያወጣል፤ ነፋስም ይወስደዋል። ሻጋታና ሥጋን የሚያበላሹ ጥቃቅን ነፍሳት ያለ ውኃ ሊራቡ አይችሉም፤ የቋንጣም ምሥጢር ሁሉ ይህ ነው። ተጣጥፎ ሲሰበር ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰጠ ደርሷል፤ እንደ ጠፍር የሚለመጥ ከሆነ ይቈይ። አንድ ኪሎ ሥጋ ሲደርቅ ሢሶው ያህል ብቻ ይቀራልና እመቤቶች ማነሱን አይተው አይዘኑ፤ የጐደለው ውኃው ነው።

በጌዶና በመሰሉት ደጋ አገሮች ቋንጣ ከምድጃ በላይ የሚሰቀለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጭሱ ዝንብን ያባርራል፤ ሙቀቱ ያደርቃል፤ ለሥጋውም መልካም ጣዕም ይሰጠዋል። ታላላቅ እናቶቻችን የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት የወይራ እንጨት ለዚህም የተመረጠ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ሽታው በሥጋው ላይ ስለሚቀር አይደገፍም። ሆኖም ጭሱን ስናመሰግን የእናቶችን ዓይንና ሳንባ መርሳት አይገባንም። ለአምስት ቀን ቋንጣ ሲባል ዓመቱን በሙሉ በጭስ ውስጥ መኖር ትክክል አይደለምና መስኮት ያለው ማድቤት ወይም ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ይበጃል። በኤሌክትሪክ የምታበስል እመቤት ደግሞ ጭስ አጣሁ ብላ አትዘን፤ ነፋስ በሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ ስስ ጨርቅ ጋርዳ ብትሰቅለው በደረቅ ወራት ያለ ጭስ ይደርቃል።

የደረቀ ሥጋንና ያደረ እንጀራን አንድ ላይ አድርጎ ማዕድ ማሰናዳት የእኛ ብቻ ጥበብ አይደለም። በሜክሲኮ አገር ኤንቺላዳ የሚባል ምግብ አለ፤ ስሙ በእስፓኝ ቋንቋ በርበሬ የገባበት ማለት ነው። በኖራ ውኃ ተቀቅሎ ከተፈጨ በቆሎ ስስ ቂጣ ይጋገራል፤ ቂጣው በበርበሬ መረቅ ይነከራል፤ ከትናንት የተረፈ ዶሮ ወይም የተጨሰ ሥጋ ተከትፎ ይጠቀለልበታል። በርበሬም በቆሎም ከዚያ አህጉር የወጡ ተክሎች ናቸው፤ ወደ ሌላው ዓለም የተዛመቱትም ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በ1492 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ወደዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። ዛሬ ያለ በርበሬ ወጥ የማይሆንልን እኛ፣ በባኮም ስለ በቆሎ የሚመራመር የእርሻ ጣቢያ ያለን፣ በዚህ ነገር ከሜክሲኮ እመቤቶች ጋር ሩቅ ዘመዳሞች ነን ቢባል ሐሰት አይሆንም። በምዕራብ ሸዋ የኦሮሞ ቤቶች የሚሠራው ጨጨብሳ፣ ማለት በቅቤና በበርበሬ የታሸው ቂጣ፣ ለዚህ ምግብ የቅርብ ጎረቤቱ ነው።

እንግዲህ ፍርፍሩን እንሥራ። አምስት ሰው ለሚመገብበት ቤት ሁለት እፍኝ ቋንጣ ይበቃል። ቋንጣው በሙቀጫ ቀለል ተደርጎ ይሰበር እንጂ አይድቀቅ፤ አቧራው እንዲለቅም በቀዝቃዛ ውኃ ፈጥኖ ይለቅለቅ። አራት ራስ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ ያለ ዘይት በመጠነኛ እሳት ይቁላላ፤ ውኃውን ጨርሶ መልኩ ሲለወጥ ጥቂት ዘይት፣ ቀጥሎም 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ይጨመር። በርበሬው እንዳያር ውኃ ጠብ እየተደረገ 15 ደቂቃ ያህል ይታሽ። ከዚህ በኋላ ቋንጣው ከ3 ብርጭቆ ውኃ ጋር ገብቶ እስኪለሰልስ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንተክተክ። ማድረቅ ብቻውን የኮሶ ትልንም ሆነ ሌላውን በሽታ ሁሉ አያጠፋምና ይህ መቀቀል አይዝለል። ጨው በመጨረሻ ተቀምሶ ይደረግ፤ ቋንጣው ራሱ ጨው አለበት። ነጭ ሽንኩርት፣ መከለሻና 2 ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ሊወርድ ሲል ይግባ፤ ቅቤ ከመጀመሪያው ከገባ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል።

ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው እንጀራው የሚገባው። አራት ያደሩ እንጀራዎች በእጅ ተቈራርሰው ይጨመሩና ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ይገልበጡ። እሳት ላይ ሳለ የሚያማስሉት ሰዎች ገንፎ እንጂ ፍርፍር አይበሉም። የዕለቱ ትኵስ እንጀራም ቶሎ ስለሚሟሟ ለዚህ አይመረጥም፤ ያደረው ይሻላል፤ የሻገተ ግን ከቶ አይሆንም።

ለልጆች መለወጥ የምትሻ እመቤት መረቁን ወፈር አድርጋ፣ ቋንጣውን በእንጀራ ወይም በስስ የበቆሎ ቂጣ ጠቅልላ፣ የቀረውን መረቅ ከላይ አፍስሳ ብታቀርብ የሜክሲኮዎቹን ምግብ በጌዶ ማጀት ሠራች ማለት ነው። ከበዓል የተረፈ የዶሮ ወጥም ሥጋው ከአጥንቱ ተፈልቅቆ፣ እንደገና በደንብ ፈልቶ፣ በዚሁ ዓይነት ሊጠቀለል ይችላል። ዶሮን ግን እንደ በሬ ሥጋ ዘልዝሎ በቤት ማድረቅን አንመክርም፤ የዶሮ ጥሬ ሥጋ ቶሎ ይመረዛል።

የተረፈውን ቋንጣ በላስቲክ ከረጢት አፍኖ ማስቀመጥ ዛሬ ተለምዷል፤ ጥቂት እርጥበት ከቀረበት ግን በዚያው ይሻግታል። የጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ያለው ደረቅ ቆርቆሮ ይሻላል፤ በክረምትም በየሁለት ሳምንቱ ወጥቶ ይናፈስ። ከረጢቱ ሲያልቅ በሥሩ የሚቀረው ስብርባሪና ዱቄት አይጣልም፤ የቦዘና ሽሮ የሚሠራው በእርሱ ነው፤ ለአንድ ድስት ሽሮም አንድ ጭብጥ ይበቃዋል።