ቦረና፦ ውሃው በተራ፣ ሣሩ በስምምነት

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና 570 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ያቤሎ የደረሰ መንገደኛ፣ ከዚያ ወዲያ አገሩ ሰፊ፣ ሰዉ ጥቂት መሆኑን ይገነዘባል። የቦረና ምድር በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 እስከ 1600 ሜትር ከፍታ ያለው ደረቅ ሜዳ ነው። ዳዋ በሚፈስበት በምሥራቁ ዳርቻ ካልሆነ በስተቀር ዓመቱን ሙሉ የሚወርድ ወንዝ አይገኝበትም። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው «ገና» ሲሆን (ስሙ ከልደት በዓል ጋር ከመመሳሰሉ በቀር ግንኙነት የለውም)፣ አነስተኛው «ሀገያ» በመስከረምና በኅዳር መካከል ይጥላል።

የነዋሪው ሀብት ከብት ነው። በዱብሉቅ አቅራቢያ ከኤል ሶድ ገደል ግርጌ ካለው ሐይቅ ጨውና ጥቁር ጭቃ እየጠለቁ የሚያወጡ፣ በአህያ ጭነው የሚሸጡም አሉ።

በበጋ ሕይወት የሚቆመው በ«ቱላ» ጉድጓዶች ነው። ዱብሉቅ፣ መልባናና ጋዮን የመሳሰሉት እነዚህ ጉድጓዶች አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃሉ። ወጣቶች ከሥር እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ገንዳውን ይሞላሉ። ጉድጓዱ የጎሣ ነው፤ «ኮንፊ» የሚባል ባለቤት አለው። የዕለቱን ተራ የሚያስከብረው ግን «አባ ሄሬጋ» ነው። ጉድጓዱን ሲጠርግና ሲያወጣ ያልተባበረ ሰው ተራ አያገኝም። ከብቱም ዕለት በዕለት ሳይሆን በየሦስት ቀኑ ይጠጣል፤ በዚህም ምክንያት ሩቅ ያለውን ሣር መጋጥ ይችላል።

ይህ ሥርዓት ከውጭ ሰዎች ጋር የተጋጨበት ጊዜ አለ። ቦረናዎች ከዝናብ በፊት ሜዳውን እያቃጠሉ ቁጥቋጦና መዥገር ያጠፉ ነበር። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ማቃጠል ሲከለከል እሾሃማው ግራር ሣሩን ሸፈነው። በዝናብ ወቅት ብቻ ይጋጥ በነበረው መሬት ላይ ኩሬዎች ሲቆፈሩም ከብቱ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ሰፈረ፤ መሬቱም ዕረፍት አጣ። ኩሬ መቆፈር መልካም ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ቦታውን ሲመርጡ እረኛውን አለመጠየቅ ግን ስሕተት ነበር።

ከ2013 ዓ.ም. አንሥቶ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲጠፋ እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። ባለብዙ ከብቱ ለተራቆተው ከብት የሚሰጥበት «ቡሳ ጎኖፋ» የተባለው የመረዳጃ ሥርዓት የሚሠራው አንዱ ሲያጣ ሌላው ሲኖረው ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ካጣ ከማን ይወሰዳል?

የማኅበርና የቀበሌ መሪዎች በቅርብ ሊከታተሉት የሚገባው ጉዳይ «ካሎ» ነው። ካሎ ለጥጆችና ለደካማ ከብት በእሾህ የሚታጠር የጋራ ሣር ነበር። አሁን ግን በግል የሚታጠርም፣ ታጥሮ በቆሎ የሚዘራበትም አለ። ወደ ጉድጓድ የሚወስደው የከብት መንገድ ከታጠረ መንጋው ይዞራል፤ ሲዞር ተራው ያልፈዋል፤ ተራው ያለፈው ደግሞ ከሌላው ተራ ውስጥ ይገባል፤ ጠቡ የሚነሣውም ያኔ ነው። ስለዚህ አጥር ከመፈቀዱ በፊት የአካባቢው ሽማግሌዎችና የጉድጓዱ አባ ሄሬጋ ቦታው ድረስ ሄደው የከብቱን መንገድ በእግራቸው ቢያዩት፣ የሚፈጀው ግማሽ ቀን ነው።